ኮላው እስኪደርቅ

ሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ከተነሣ በኋላ፣ መሐዲ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ከዛሬ ጀምሮ የመኪና ማደሪያው ጋራዥ ወርክሾፕ መሆኑን ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቀ። ግድግዳው በእንጨት ይለበጣል፤ ኮርኒስ ይመታለታል፤ መብራት ይገባለታል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የሚሰበር ወንበር ሁሉ እዚያው ይጠገናል አለ። ድምፁ መግለጫ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

በጉባኤው ላይ የተገኙት ሚስቱ ካልቶማ፣ ፔርሙስ ልትገዛ መጥታ በዋጋ ክርክር የቆየችው ጎረቤታቸው ሀዎ እና አንዲት ድመት ናቸው። ድመቷ ንግግሩ ሳያልቅ ወጣች። ሀዎ በዚህ ቤት የተሰበረ ወንበር አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። እውነቷን ነው፤ በካልቶማ ቤት ያለው ወንበር ሁሉ የሚሸጥ የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ሲሰበር ይጣላል እንጂ አናጢ አይጠራለትም። መሐዲ ይህን አስተያየት እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው።

ካልቶማ ፔርሙሱን በጋዜጣ እየጠቀለለች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እንደ ልማዷ ቆማ ነው። ይህች ሴት ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ተቀምጣ ያያት የለም።

"ጥሩ" አለች። "ቅዳሜ ከናይሮቢ አርባ ፍራሽ ይመጣልኛል። እስከ ቅዳሜ ከጨረስክ ወርክሾፕ ነው። ካልጨረስክ የፍራሽ መጋዘን ነው። ሀዎ፣ አንቺ ምስክር ነሽ።"

ሀዎ ምስክርነቱ ደስ ስላላት የፔርሙሱን ክርክር እንኳ እዚያው ላይ ተወችው።

መሐዲ ሠላሳ ዓመት ከናይሮቢ ሞያሌ የጭነት መኪና ነድቷል። መንገዱ ሦስት ቀን፣ ዝናብ ሲሆን ሳምንት የሚፈጅበትን ዘመን በወገቡ ያውቀዋል። በመጨረሻ አስፋልቱ ገብቶ መንገዱ ሲቃና ግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን አልረግጥም አለ። መንገድ ተቃንቶ ጉልበት መታጠፉ የአላህ ሥራ ነው ብሎ መኪናውን አስረከበና በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ቤቱ ገባ። ቤቱ ግን እርሱ መንገድ ላይ በነበረበት ዘመን ሱቅ ሆኖ ጠበቀው። ሳሎኑን ፔርሙስና ጆግ ይዞታል። ኮሪደሩን የተጠቀለለ ምንጣፍ ይዞታል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ከአልጋው ራስጌ እስከ ጣሪያው ሰሐን ተደርድሯል፤ መሐዲ በእንቅልፉ ሲገላበጥ ሰሐኑ ይንኳኳል። የተረፈው ቦታ ደጃፉ ነበር። ስለዚህ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

በሞያሌ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ወንድ የሁሉ ሰው ጉዳይ ነው። እግረኛውም፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ነጂውም፣ ፍየል የሚነዳውም "ምነው፣ ሰው ትጠብቃለህ?" ሳይለው አያልፍም። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ዙህር ሰላት አሥራ ሰባት ሰው ጠየቀው። መሐዲ ለአሥራ ሰባቱም አዎ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው አለ። ይህንኑ ሲል ሁለት ዓመት ሞላው፤ አሁን አሁን አንዳንዱ "ያ ሰውዬ እስካሁን አልመጣም?" ማለት ጀምሯል።

እንግዲህ መሐዲ የፈለገው ነገር ትንሽ ነበር። መቀመጫ ነው የፈለገው። ጥላ ያለው፣ ሰሐን የሌለበት፣ አላፊ አግዳሚ የማይመረምረው አንድ ጥግ። ግን ይህ አፍ ተከፍቶ የሚባል ነገር አይደለም። መቀመጫ ስጡኝ ያለ ወንድ አልቆልኛል ብሎ በገዛ እጁ የፈረመ ያህል ነው። ወርክሾፕ ልሥራ ያለ ግን የሥራ ሰው ነው፤ ይከበራል፣ ሻይ ይላክለታል። መሐዲ ይህን ለማንም አልነገረም። ለራሱም ቢሆን ጮክ ብሎ አልነገረውም።

ጋራዡ ከግቢው ጥግ ነው። ፒክአፑ ከተሸጠ ወዲህ ወለሉ ላይ የዘይት እድፍ፣ ጥጉ ላይ አንድ ጎማ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ውስጡ የገባ ሰው ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት ብሎ ሳያስታውስ ይወጣል።

ወሬው ሲሰማ ሁለት ሊቃውንት ሳይጠሩ ተገኙ። አንዱ የልጅነት ጓደኛው ጎሊቻ ነው። ጎሊቻ መንገድ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት አገልግሏል። እርሱ ሲያወራው መንገዱን የቀየሰው ይመስላል፤ አብረውት የሠሩ ሰዎች ግን የሚያስታውሱት ጠዋት አካፋ ሲያድል፣ ማታ አካፋ ሲሰበስብ ነው። ሁለተኛው የካልቶማ ታናሽ ወንድም ሺፋ ነው። ቤቱ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው፤ ድንበሩን ግን እንደ ጎረቤት አጥር በየጠዋቱ ይሻገረዋል። ሐዋሳ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ሲሠራ ፎርማን ነበርኩ ይላል። ሆቴሉ እስከ ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ኢንጂነር፣ ሌላው አንዱን ፎርማን እያለ ይጠራል። ማንም አይስቅም። እርስ በርሳቸው ካልተከባበሩ ሌላ የሚያከብራቸው እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ማክሰኞ እንጨቱ በጋሪ መጣ። ሁለቱ ሊቃውንት አንድ ቦታ ከቆሙ ክርክር እንጂ ሥራ እንደማይኖር ግልጽ ስለነበር፣ ጎሊቻ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ እንዲለካ፣ ሺፋ ደግሞ ውጭ ግራሩ ሥር ሆኖ እንዲቆርጥ ተወሰነ። መሐዲ መሃል ሆኖ ቁጥሩን ያመላልሳል።

የሁለቱም መለኪያ ሜትር አንድ ዓይነት ነው፤ ቢጫ፣ በላይኛው ጠርዙ ኢንች፣ በታችኛው ጠርዙ ሳንቲም የተጻፈበት። የሠራው ሰው ሞያሌን አይቶ የሠራው ይመስላል። በኬንያ በኩል እንጨት የሚሸጠው በጫማና በኢንች ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል በሜትርና በሳንቲም። ጎሊቻ ዕድሜውን ሙሉ የታችኛውን ጠርዝ ልብ ብሎ አያውቅም። ሺፋ የላይኛው ጠርዝ ጌጥ ይመስለዋል።

ጎሊቻ ግድግዳውን ለካና አርባ አምስት አለ። መሐዲ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት እያለ ወጣ። ሺፋ አርባ አምስት ቆረጠ። ይህ ሃያ አራት ጊዜ ሆነ። መሐዲ ሠላሳ ዓመት በድንበር ዕቃ ሲያሻግር ዕቃ ወረቀት እንደሚፈልግ በደንብ ተምሯል፤ ቁጥርም ወረቀት እንደሚፈልግ ግን የነገረው አልነበረም። ሺፋ የኬንያ ሰዎች ግድግዳቸውን ለምን እንዲህ አጫጭር አድርገው እንደሚከፋፍሉት ቢገርመውም፣ የሰው አገር አሠራር ነው ብሎ ተወው። ጎሊቻም ከውጭ መጋዙ ቶሎ ቶሎ ሲጨርስ ሰምቶ፣ ለካ ይህ ልጅ እውነትም ሠርቷል ብሎ በልቡ አደነቀ።

የመጀመሪያው እንጨት ግድግዳው ላይ ሲያዝ ከግማሽ በላይ ክፍተት ቀረ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ገልብጠው ሞከሩት፤ ቢገለበጥም ያው ነው።

መሐዲ ሁለቱን ሜትሮች አንድ ላይ ዘርግቶ አየና ነገሩ ገባው። ግን ቁጥሩን በእጁ ያሻገረው እርሱ ነው፤ አፉን ከከፈተ ጥፋቱ በእርሱ ስም ሊጻፍ ነው። ስለዚህ ሜትሮቹን አጠፋና ሊቃውንቱን መስማት መረጠ። ጎሊቻ ብሎኬት ፀሐይ ሲበረታበት እንደሚለጠጥ አስረዳ፤ መንገድ ሥራ ላይ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ሺፋ ደግሞ ጥፋቱ የግድግዳው እንዳልሆነ፣ በደንብ ያልደረቀ እንጨት ከተቆረጠ በኋላ እንደሚሰበሰብ ተናገረ፤ ሐዋሳም አጋጥሞታል።

"እስከዚህ ድረስ ይሰበሰባል?" አለ መሐዲ።

"እንደ እርጥበቱ ነው።"

መፍትሔው ቁርጥራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በኮላ ማያያዝ ሆነ። ሺፋ አንድ ጣሳ ኮላ አምጥቶ ነበር። አጣበቁ፣ በጥላ አጋደሙ። ኮላ ደግሞ ሳይደርቅ ከተነካ ይላቀቃል፤ በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ፣ በዘይት እድፉ ላይ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሺፋ ከእኅቱ ሱቅ ፔርሙስ አስሞልቶ መጣ። ጎሊቻ ከጃኬቱ ውስጥ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ሚራ፣ ማለትም ጫት፣ አውጥቶ ቅርንጫፏን ሦስት ቦታ ከፈላት።

ካልቶማ ከሱቁ ሆና መዶሻው ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀች።

"ኮላው እስኪደርቅ ነው" አለ መሐዲ።

ከዚያ ጨዋታ መጣ። መሐዲ በኡራን በኩል ሲያልፍ ጎርፍ ይዞት፣ መኪናውን አራት ግመል አስረው ያወጡለትን ሰዎች አነሣ። ስንት ግመል ነበር የሚለው ላይ ጎሊቻ ተከራከረ፤ ባለፈው ስታወራው ሦስት ነበር አለው። ሺፋ ግመል መኪና መጎተት እንደማይችል፣ ከቻለም ሐዋሳ ለምን ክሬን እንደተከራዩ ጠየቀ። ጥላው ዞረ፤ ሻዩ አለቀ፤ ሌላ ፔርሙስ መጣ። በአጥሩ ማዶ ሰው ያልፋል፣ ሞተር ያልፋል። ማንም መሐዲን ሰው ትጠብቃለህ ብሎ አልጠየቀውም። ለዐስር ሰላት ሲነሡ መሐዲ ጉልበቱን መርሳቱን አስታወሰ።

ረቡዕ ጠዋት ቀድሞ ገባ። የተጣበቀውን እንጨት በአንድ ጫፉ ቢያነሣው ሌላው ጫፍ ወለሉ ላይ ቀረ። ሁሉም እንደዚያው ሆኑ። መሐዲ ሃያ አራቱን ቁርጥራጮች እያየ የካልቶማን አርባ ፍራሽ አሰበ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው ቆርቆሮውን ሲነኩ፣ እርሱም የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ደጃፉ ላይ ሲመለስ ታየው። ያ ሰውዬ እስካሁን አልመጣም ሲሉትም ሰማ።

ጉልበቱ ስለታከተው አራት ቁርጥራጭ አቁሞ፣ አንድ ጣውላ ጣል አድርጎበት ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ልክ ነበር። ከፍ አላለም፣ ዝቅ አላለም፤ እግሩ ወለሉን በሙሉ መዳፉ ነካ፣ ጉልበቱም ያን የለመደውን ድምፅ አላሰማም። ተነሣና እንደገና ተቀመጠ። አርባ አምስት ሳንቲም ለግድግዳ ውርደት ነው፤ ለመቀመጫ ግን የተለካ ይመስላል።

መሐዲ በሕይወቱ ከጎማ በቀር ምንም ፈትቶ ገጥሞ አያውቅም። ያን ጠዋት ግን ሊቃውንቱ ሳይመጡ፣ እያንዳንዱን እግር ከጣውላው ጋር ሁለት ሁለት ሚስማር መታለት፣ መሃል ለመሃል ማጠናከሪያ አስገባለት፣ በሁለት እጁ ነቅንቆ አየው። አልተነቃነቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ባለ ስምንት እግር ነገር ወጣው። ሊቃውንቱ ሲደርሱ ተራ ነገር እንደሆነ ሁሉ የሥራ ጠረጴዛ ነው አላቸው።

"ባባ ኢክራን" አለ ጎሊቻ በሴት ልጁ ስም ጠርቶት፣ "የሥራ ጠረጴዛ ወገብ ላይ ነው የሚደርሰው።"

"ይሄ ተቀምጠው የሚሠሩበት ነው።"

ጎሊቻ ዞር ዞር ብሎ አየውና ተቀመጠ። ግድግዳውን ተደገፈ። እግሩን ዘረጋ።

"አዲሱ አሠራር ነው" አለ በመጨረሻ። "መንገድ ሥራ ላይም መጥቶ ነበር።"

ሺፋም አጠገቡ ተቀምጦ ሐዋሳ ይህ አሠራር ከመጣ መቆየቱን ገለጸ። ሦስት ሠራተኛ ስላለ ሦስት ጠረጴዛ እንደሚያስፈልግ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። እንጨቱም ለሦስት ይበቃል፤ ሃያ አራት እግር ነበር። እስከ ቀትር በሦስቱ ግድግዳ ሦስት የሥራ ጠረጴዛ ቆመ። ከቀትር በኋላ ኮላው እስኪደርቅ ጠበቁ። የኮላው ጣሳ ከማክሰኞ ጀምሮ አልተከፈተም፤ ይህን ግን ያነሣው የለም።

ካልቶማ ሻይ ይዛ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ሦስቱም እየተሽቀዳደሙ ተነሡ። ጎሊቻ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤ ሺፋ አንድ ሚስማር አንሥቶ በትኩረት ተመለከተው። ካልቶማ ፔርሙሱን አስቀመጠችና ዙሪያውን አየች። የታችኛውን ነገር አየች፣ የላይኛውን ባዶ ቆርቆሮ አየች።

"ኮላው ደረቀ?" አለች።

"እየደረቀ ነው" አለ መሐዲ።

እርሷም ሜትሩን ከጥግ አንሥታ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ለካች። ርዝመታቸውን፣ ወርዳቸውን፣ ጎንበስ ብላ ከፍታቸውን። የላይኛውንም የታችኛውንም ጠርዝ አነበበችና ሁለቱንም በሱቁ ደብተር ላይ ጻፈች። እንዲህ የሚለካ ሰው በዚያ ጋራዥ እስከዚያ ሰዓት አልታየም። መሐዲ ምን እየለካች እንደሆነ ጠየቃት።

"ፍራሽ ስንት እንደሚይዝ እያየሁ ነው" አለችና ወጣች።

ወዲያው ከግቢው ናይሮቢ ለምትማረው ልጃቸው ለኢክራን ስትደውል ተሰማ። ቁጥሮቹን ቀስ እያለች፣ እየደጋገመች ነገረቻት። መሐዲ ሳይጠጣው ሻዩ በረደ። ልጅቷም ከእናቷ ጋር ናት ማለት ነው።

ሐሙስና ዓርብ እነዚያ ሦስት ሰዎች ሠሩ። ይህን ማንም አልጠበቀም፣ እነርሱም ጭምር። መሐዲ በቦዳ ቦዳ ኦዳ የሚባለው ቦታ ድረስ ሄዶ የጎደለውን እንጨት አስጭኖ መጣ። ቁጥር ሲያመላልስም አዲስ ሕግ አወጣ፤ የትኛውም ቁጥር ያለ ጠርዙ በሩን አያልፍም። ስለዚህ ጎሊቻ አርባ አምስት ከላይ ይላል፣ ሺፋም አርባ አምስት ከላይ ብሎ ይደግማል። ሺፋ ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቀም፣ ጎሊቻም አልጠየቀም። መሐዲ ላለመጠየቃቸው በልቡ አመሰገናቸው።

የሺፋ መሰርሰሪያ ከማዶ የመጣ ስለሆነ ሶኬቱ ውስጥ የሚገቡት ሁለት ክብ እግሮች ብቻ አሉት። የካልቶማ ቤት ሶኬት ደግሞ ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ ያውም አራት ማዕዘን ነው። ሺፋ በላይኛው ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ሰካ፣ ሁለቱ እግሮች ገቡ። ጎሊቻ እንደ ኬንያ ዜጋ ተቃወመ፤ ይህች አገር ሦስት ቀዳዳ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም አለ። ከዚያ መሰርሰሪያው ሲሠራ አይቶ ሦስተኛው ቀዳዳ ለእንግዳ የተተወ ሳይሆን አይቀርም አለና ዘወር ብሎ ቆመ። መብራቱን ግን፣ ነገሩ ነፍስ ስለሚነካ፣ እውነተኛ ፉንዲ፣ የመብራት ባለሙያ፣ ጠርተው አስገቡት። ሁለቱ ሊቃውንት ከአጠገቡ ሳይለዩ አረሙት፤ ፉንዲውም ሥራውን ጨርሶ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ግድግዳው ተለበጠ። ኮርኒሱ ተመታ፤ ቆርቆሮው ከላይ ቢግልም ሙቀቱ እዚያው ቀረ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ ተቀባ። መሐዲ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ። ከመንገዱ በኩል የሚያይ የለም፣ በግቢው በኩል ነፋስ ይገባል። ሁለት ዓመት ያሰበው ጥግ ይህ ነው። የቀረው ነገር ነገን ማለፍ ብቻ ነው።

ጎሊቻ ነው ያስተዋለው። ወርክሾፑ ውስጥ የወርክሾፕ ዕቃ የለም አለ። እውነትም ሦስት ረጅም መቀመጫ፣ አንድ ምንጣፍ፣ ሁለት ፔርሙስና ስድስት ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው። ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? ወዲያው መዶሻው፣ መጋዙና ሜትሩ በሚስማር ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፤ ብርጭቆዎቹ ከጎማው ውስጥ ተደበቁ። የነገው አሠላለፍም ተነጋግሮ አለቀ። መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ሦስቱም ሥራ ላይ መሆን አለባቸው፤ ሥራ በተያዘበት ቤት ፍራሽ የሚያስገባ ሰው የለም። ጎሊቻ ይለካል፣ ሺፋ ይጋዛል፣ መሐዲ ይመታል። ምን እንደሚሠሩ ግን አልተነሣም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጥሩንባው ተነፋ።

ጎሊቻ አንድ ጊዜ ተለብጦ፣ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ያለቀውን ግድግዳ መለካት ጀመረ። ሺፋ አንዲት ቁራጭ እንጨት ይዞ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ጋዛት። መሐዲ ምንም ያልተያያዘበት ጣውላ ላይ ሚስማር ይመታ ያዘ። ከግቢው የካልቶማ ድምፅ፣ ከኋላዋ ምስክሯ ሀዎ፣ ከሁለቱ ኋላ ሹፌሩ ያታኒ መጡ። ያታኒ ድሮ የመሐዲ ረዳት ነበር፤ አሁን ራሱ ነጂ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ ምዜ፣ አባባ እንደ ማለት፣ ደህና ነዎት ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ፤ መሐዲ በሥራ የተጠመደ ሰው እንደሚያደርገው መዶሻውን ከፍ አድርጎ መለሰለት።

ካልቶማ ገባች። መብራቱን አበራች፣ አጠፋች፣ አበራች። ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች።

"አልቋል" አለች።

"አልቋል" አለች ሀዎም፣ ለምስክርነት ነው የመጣችውና።

መሐዲ መዶሻውን ሊያወርድ ሲል ካልቶማ ወደ በሩ ዞረች።

"ያታኒ፣ አስገባው።"

"የኢክራን እናት፣ ጨርሻለሁ እኮ" አለ መሐዲ። "ምስክርሽም ይኸው መሰከረች።"

ያታኒ በትከሻው አንድ ረጅም ጥቅል ይዞ ገባ፤ ተመልሶ ሁለተኛውን፣ ተመልሶ ሦስተኛውን አመጣ። ሲባጎውን በቢላ በጠሰው። ጥቅሉ ተፈታና ጠባብ፣ ረጅም፣ ጥቁር ቀይ ጨርቅ የለበሰ ፍራሽ ሆነ። ካልቶማና ሀዎ በሁለት ጫፍ ይዘው በመጀመሪያው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር ገባ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። ሁለተኛው በሁለተኛው ላይ፣ ሦስተኛው በሦስተኛው ላይ እንደዚያው ተቀመጡ።

መጋዙ ዝም አለ።

"አርባውስ?" አለ ጎሊቻ፤ ሜትሩ ግድግዳው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

"የምን አርባ?" አለ ያታኒ። "ኢክራን የሰጠችኝ ሦስት ነው። እንዲያውም ትናንት በጠዋት አስቆርጣ፣ በኢንችም በሳንቲምም አስለክታ ነው ያስጫነችኝ።" ከዚያ ሦስቱን ሰዎች በየተራ አየና ለቀድሞ አለቃው ከልቡ ተጨነቀ። "ምዜ፣ ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ? ምን እየሠራችሁ ነበር?"

ሺፋ በእጁ የቀረችውን፣ ክብሪት የምታህለውን እንጨት አየና ኪሱ ከተታት። ጎሊቻ ሜትሩን ለቀቀው፤ እየተንሸራተተ ቤቱ ገባ። ሀዎ ወደ ጎማው ጎንበስ ብላ ስድስቱን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አወጣች። የት እንዳሉ የነገራት አልነበረም።

ካልቶማ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። መሃለኛው ፍራሽ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች፣ እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከሱቁ በኩል አንድ ሰው ባለቤት፣ ባለቤት እያለ ይጣራል። አልተነሣችም።

መሐዲ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል።

"ሱቁስ?" አላት።

"ኮላው እስኪደርቅ ነው" አለች ካልቶማ።